ወንድሜ ድንጋይ ተሸክሞ የመጣ ዕለት

ወንድሜ ልብስ ሰፊ ነበር። ስለ እሱ ለመጻፍ ስነሣ ከዚህ መጀመር ይቀለኛል፤ ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ እፍረት አለበት። አባታችን ልጆች ሳለን ስለሞተ፣ ትምህርት ቤት ያስገባኝና ልብሴን የሰፋልኝ እሱ ነው። ጋሼ እለው ነበር። እኔ ፈረንሳይኛ ስማር እሱ ከቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት ደግሞ ወጥቶ፣ አራዳ ላይኛው መንገድ ላይ ከአርመኖቹና ከሕንዶቹ ሱቅ ተርታ የስፌት መኪና ይረግጥ ነበር። የሱቁ ባለቤት ከባሕር ማዶ፣ ከኤደን ወደብ የመጣ አይሁዳዊ ነው።

ይህ ሰው ቅዳሜ ሱቁን ይዘጋል። አራዳን የሚያውቅ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ቅዳሜ ዋናው ገበያ ነው። ገጠሬው ከነአህያው መንገዱን ይሞላዋል፤ ሌላው ነጋዴ የሳምንት ሲሳዩን የሚለቅመው ያን ቀን ነው። እሱ ግን በሩን ቆልፎ፣ ንጹሕ ልብስ ለብሶ፣ ልጆቹን አስከትሎ በእግሩ ወደ ጸሎት ቤታቸው ይሄዳል። ወንድሜ ሥራ በገባ ሰሞን ይስቅበት ነበር። «ሲሳይ በደጁ ሲያልፍ ዐይኑን የሚጨፍን ነጋዴ አየሁ» ብሎ ነገረን። ቆይቶ መሳቁን ተወ። ከዚያ መጠየቅ ጀመረ።

ምን እንደጠየቀ፣ ምን እንደመለሱለት በደንብ አላውቅም። ብዙ የሚናገር ሰው አልነበረም። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ኦሪትን ገልጦ ይቀመጥና «ይህ የተጻፈው ለማን ነው?» ይለኛል።

«ለእኛ ነዋ» እለዋለሁ።

«ለእኛ ከሆነ ለምን አንጠብቀውም?»

እኔ ስለ ሒሳብ ፈተናዬ አስብ ነበር።

በጥምቀት ማግስት ማተቡን ፈትቶ በእናታችን እጅ ላይ አኖረው። አልበጠሰውም፤ ቀስ ብሎ ፈታው። «እማዬ፣ ከእንግዲህ ባስረው ውሸት ይሆንብኛል» አላት።

እናቴ ክሩን በመዳፏ እንደያዘች ቆመች። «ማን አስቀየመህ?» አለችው።

ማንም አላስቀየመውም። ያስቸገራትም ይኸው ነው። ያስቀየመው ሰው ቢኖር ሽማግሌ ይላክ ነበር።

ወንድሜ የፈለገው አንድ ነገር ነበር፤ እነዚያ ሰዎች «ከእኛ ነህ» እንዲሉት። እነሱ ግን አላሉትም። እኔ በደስታ የሚቀበሉት መስሎኝ ነበር። እኛ ዘንድ ልጠመቅ ብሎ የመጣ ሰው ክርስትና አባት ይቆምለታል፣ ነጭ ይለብሳል፣ እልል ይባልለታል። የእነሱ መምህር፣ በቋንቋቸው «ሞሪ» የሚሏቸው ሽማግሌ፣ ወንድሜን ከደጅ መለሱት።

«ከእኛ ሚስት ፈልገህ ነው?» አሉት።

«አይደለም።»

«ባለሱቁ እንዲወድህ ነው?»

«እሱ አሁንም ይወደኛል።»

«እንግዲያው ከማን ሸሽተህ ነው? ሂድ፣ በእናትህ ሃይማኖት ደኅና ሰው ሁን። ይበቃሃል።»

ተመልሶ ሄደ። ሞሪ በዚያን ጊዜ እውነተኛውን ነገር ነገሩት። «እኛ በዚህ አገር እንግዶች ነን። ቤታችሁ ተቀምጠን ልጃችሁን ነጠቅን ቢባል ማን ያስጥለናል?» አሉት። እሱ ግን መሄዱን አልተወም። በመጨረሻ ምንም ሳይሉ ጸሎት ቤታቸው በር አጠገብ፣ ጫማ ከሚቀመጥበት ጥግ እንዲቀመጥ ተዉት። ወንድሜ ይህን ሲነግረኝ ፊቱ በራ። «አስጠጉኝ እኮ» አለኝ።

ቢያስጠጉትም አንድ ነገር አዘዙት። ገና ወደ እኛ አልገባህምና ሰንበታችንን እንደ እኛ ሙሉ አትጠብቅ፣ ግዴታ የለብህም፣ ቅዳሜ ትንሽ ሥራ ሥራ አሉት። እሱም ቅዳሜ ቅዳሜ ከሸሚዙ ጫፍ አንዲት ክር በመቀስ ይቆርጣል። ሲቆርጥ ፊቱን ያጨማድዳል። ግዴታ የለብህም መባሉ ከስድብ ይልቅ ያመው ነበር።

የምንኖረው ከአራዳ በታች እሪ በከንቱ ነው። እዚያ ነገር አይደበቅም። አጥራችን ሥር ጠላ የምትሸጥ ጎረቤት ነበረችን፤ ምላሷ እንደ ጠላዋ ነው፣ ሰው ከሩቅ ይመጣለታል። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ለጠጪዎቿ ስትናገር ሰማሁ።

«ሃይማኖት አይደለም፣ ስንፍና ነው። ቅዳሜን ከነዚያ ጋር ሊያርፍ፣ እሑድን ከእኛ ጋር ሊያርፍ።»

«ግዝረቱስ? እነሱ ያለዚያ አይቀበሉም አሉ» አለ አንዱ።

«እሱንማ እናቱ በስምንተኛው ቀን ጨርሳለታለች። ምን ቀረው? ጺም ብቻ ነው የቀረው።»

ተሳሳቁ። ሲያዩኝ ጣሳቸውን አነሡ። ትምህርት ቤትም ወሬው ደርሶ ኖሮ አንዱ ጓደኛዬ «ወንድምህ ሚስማር አቀባይ ነው ወይስ መዶሻ ያዥ?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ወንድምህ የት ይሠራል ሲሉኝ አርመን ቤት ነው እል ነበር።

የእናቴ የንስሐ አባት መጥተው ከእሱ ጋር በአንድ ገበታ እንዳትበላ አዘዟት።

«አባቴ፣ ልጄ እኮ ነው» አለች።

«ልጅሽ ከሆነ መልሺው» አሉ።

ወንድሜ ይህን ሲሰማ እኛን ላለማስቸገር ብሎ ከሱቁ ኋላ ባለች ክፍል ማደር ጀመረ። እናቴ ግን ከንስሐ አባቷ ቃል ግማሹን፣ «መልሺው» የሚለውን ብቻ የሰማች መሰለች። ሁዳዴ ሲገባ አዲስ ድስትና አዲስ ሳህን ገዛች፤ የእኛ ሥጋ የተቀቀለበት ዕቃ ለእሱ እንደማይሆን ነግሯት ነበርና። በዚያ ሽሮና ምስር ትሠራለች፣ እሱም ከሥራ ሲወጣ ይመጣል። የጾም ምግብ ነው፤ ሥጋ የለበት፣ ቅቤ የለበት። ለእሱም ይሆናል፣ ለእኛም ይሆናል። እጃችን በአንድ ሳህን ላይ ይገናኝ ነበር። ሰው ሁሉ ሁዳዴ እንዲያልቅ ሲመኝ እናቴ እንዳያልቅ ትመኝ ነበር ብዬ አስባለሁ።

ፋሲካ ሲቃረብ «ምን ይበላልኛል?» ማለት አበዛች። ክርስቲያን ያረደውን እንደማይበላ ታውቃለች። ስለዚህ ሞሪ ዘንድ ወስዳ ለማሳረድ ቆረጠች። ቅዳሜ እንዳትሄድ ቅዳሜ ቢላ አይነኩም። ሐሙስ ቢታረድ ሥጋው እስከ ፋሲካ አይቆይም፤ የቀረው ዓርብ ነው። ዓርብ ደግሞ ስቅለት ነው።

በስቅለት ዕለት፣ ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ሲሰግድ ውሎ ገና ጉልበቱን ሳያራግፍ፣ እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ፣ እኔ ዶሮውን በጋቢ ሸፍኜ አራዳን ሽቅብ ወጣን። ዶሮው ዝም ቢል ኖሮ። በየዳገቱ ይጮሃል። ከስግደት የሚመለሱ ሰዎች ዞር እያሉ ያዩናል። በስቅለት ዕለት ዶሮ ይዞ ወደ አይሁድ ቤት። ሰው ባለፍን ቁጥር እኔ ከእናቴ ትንሽ ወደ ኋላ እቀር ነበር።

ሞሪ በር ላይ ሲያዩን ደነገጡ። «ዛሬ የእናንተ ትልቅ ቀን አይደለም?» አሏት።

«ነው።»

«ነገ ብትመጪስ?»

«ነገ የእርስዎ ነው» አለች።

ሽማግሌው ትንሽ ፈገግ አሉ። ቢላቸውን በጥፍራቸው ላይ አስኬደው መረመሩና በቋንቋቸው መርቀው አረዱላት። የድካማቸውን ልትሰጣቸው ብትል እምቢ አሉ። «ልጅሽ እናት አለው» ብቻ ነው ያሉት። ስለ ቅቤ ምንም አላሉም። ከየት ትዝ ይላቸዋል?

ፋሲካ ሲነጋ ወንድሜ የሰፋውን አዲስ ሸሚዝ ለብሶ መጣ። እናቴ የእኛን ዶሮ በአሮጌው ድስት፣ የእሱን በአዲሱ ድስት ሠርታ፣ ሁለቱን ሳህን በአንድ መሶብ ላይ አቅርባ ነበር። እንዲህ ያለ መላ ከእሷ ሌላ ማንም አያመጣም። የእሱን ስትከፍተው ቅቤው ከላይ ሰፍፎ ቢጫ ሆኖ ተኝቷል። እንጀራውን ቆርሳ፣ ጠቅልላ፣ የመጀመሪያውን ጉርሻ ወደ አፉ አነሣች።

ወንድሜ አፉን አልከፈተም።

«ቅቤ አለበት?» አላት።

«ቅቤ የሌለው ዶሮ ወጥ አለ እንዴ? በፋሲካ?»

«ለእኛ... ለእነሱ ሥጋና ወተት አንድ ላይ አይሆንም፣ እማዬ። ቅቤ የወተት ነው።»

«በሁዳዴ አልነገርከኝም።»

«በሁዳዴ በምን አጋጣሚ ልንገርሽ?»

እኔ ጣልቃ ገባሁ። «ገና ግዴታ የለብህም ብለውሃል አላልክም ጋሼ?» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። «እንዲቀበሉኝ ነው የምፈልገው» አለ። እጁን በጉልበቱ ላይ አደረገ።

የእናቴ እጅ እስከዚያ ድረስ እንደተዘረጋ ነው። ለሰው የተጠቀለለ ጉርሻ ወደ ሳህን አይመለስም። እሱ እንዳይበላው ቅቤ አለበት። እኔ እንዳልበላው አይሁድ ያረደው ነው። እኔም በበኩሌ አፌን አልከፈትኩም፤ ይህን መዝለል አልችልም። እናቴ ሁለታችንንም አየችና ጉርሻውን ራሷ ጎረሰችው። አላመጠች፣ ዋጠች። በዚያው ቅጽበት ጠላ ሻጯ እንኳን አደረሳችሁ ልትል በሩ ላይ ቆማ ነበር። የየትኛው ድስት እንደሆነ አውቃለች፤ አዲሱን ድስት ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል።

ሳምንት ሳይሞላ የንስሐ አባቷ ቀኖና ጣሉባት። ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጭ ቆማ እንድታስቀድስ አዘዟት። በዚህ ዕድሜዋ ከደጅ ቆማ ማየት፣ የሚያልፉት ሴቶች ነጠላቸውን ሰብሰብ ሲያደርጉባት ማየት ምን እንደሚመስል ልጽፈው አልችልም።

ወንድሜ ደግሞ የሚመሰገን መስሎት ለሞሪ ነግሯቸው ኖሯል። በኋላ ራሱ ነገረኝ፤ ሲነግረኝ ከጨርቁ ላይ ዐይኑን አላነሣም።

«ምን አሉህ?» አልኩት።

«'ማን አዘዘህ?' አሉኝ። 'በአንተ ላይ የሌለ ትእዛዝ ለመጠበቅ በአንተ ላይ ያለውን ሰበርክ። እናትህን አክብር የሚለውን ለመስማት እኛ ዘንድ መምጣት አያስፈልግህም ነበር' አሉኝ።»

«ከዚያስ?»

«ሊቀበሉኝ ቀን ቆርጠው ነበር። አነሡት። መጀመሪያ ከእናትህ ታረቅ አሉኝ።»

ከእናት እንዴት ይታረቃል? በአገራችን ልማድ አንድ ነው። ድንጋይ ተሸክሞ ከበደሉት ሰው ደጅ መንበርከክ ነው። ወንድሜም ሌላ አያውቅም።

እሑድ ቀን ነበር። ሰው ከቅዳሴ ተመልሶ ደጅ ደጁን ተቀምጧል። ወንድሜ ከወንዙ ድንጋይ አንሥቶ፣ በአንገቱ ላይ አድርጎ፣ አጎንብሶ ቁልቁለቱን ሲወርድ አየነው። ሁሉም አንገቱን አስግጎ አየው። ከዚያ ጠላ ሻጯ ጣሳዋን አስቀመጠች።

«ልጃችን ተመለሰ» አለች። «ወደ እናቱ ሃይማኖት ተመለሰ።» እና እልል አለች።

ሌሎቹም ተቀበሏት። እልልታው ከአጥር አጥር ተሻገረ። አንዱ ሮጦ የንስሐ አባታችንን ለመጥራት ሄደ። በዚህ ሰፈር ውስጥ ማተቡን የፈታ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ቢመጣ ለምን መጣ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ምክንያቱ አንድ ብቻ ነው። ስለ አንድ ጉርሻ ነው ብሎ ማን ያስባል?

እናቴ ወጣች። ወንድሜ በደጃፉ ተንበርክኮ «እማዬ፣ ይቅር በይኝ» አለ። ስለ ምን እንደሆነ አልተናገረም። ድንጋይ የተሸከመ ሰው ከዚህ ሌላ አይናገርም።

«አውርድ፣ የኔ ጌታ» አለችው። «ይቅር ብዬሃለሁ።»

ድንጋዩን ሲያወርድ ሴቶቹ እናቴን እየተሻሙ አቀፏት። ነጠላቸውን ሲሰበስቡባት የነበሩት እነዚያው ናቸው። ጠላ ሻጯ ትከሻዋን ስማ ታለቅሳለች፤ ከልቧ ነው የምታለቅሰው፣ አልዋሽም። የንስሐ አባታችን መስቀላቸውንና አዲስ ማተብ ይዘው ደረሱ። «የጠፋው ተገኘ» አሉ። «እናትየዋም ቀኖናዋ ተነሥቶላታል።»

ወንድሜ ቀና ብሎ እናታችንን አየ። እሷም አየችው። ልክ ያ ጉርሻ በመካከላቸው እንደነበረ ጊዜ ነው። አይ፣ የመጣሁት ለዚህ አይደለም ቢል፣ ያ ሁሉ ሰው፣ ያ ሁሉ እልልታ፣ ወዴት ይሄዳል? አንገቱን ዝቅ አደረገ። ካህኑ አሰሩለት።

ማታ በሩ ላይ ስንቀመጥ «ለምን ዝም አልክ ጋሼ?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ሁለት ጊዜ ላዋርዳት አልቻልኩም» አለ።

ወሬው ከእሱ ቀድሞ አራዳ ደረሰ። ሰኞ ጠዋት ባለሱቁ «እንኳን ደስ አለህ፤ ከእናትህ ጋር ሰላም መሆን ትልቅ ነገር ነው» አለውና እንደ ወትሮው የሚሰፋ ጨርቅ ሰጠው። ምንም ቂም አልነበረበትም። ሞሪም በመንገድ ሲያገኙት ሰላምታ ሰጥተው አለፉ። የከፋው ይህ ነው። ቢቆጡት ይመልስላቸው ነበር። እነሱ ግን የመጣበት መንገድ እንደጠመመበት ጎረቤት፣ በትሕትና ሸኙት።

«ሄደህ ለምን እውነቱን አትነግራቸውም?» አልኩት።

«ምን ብዬ? አንገቴ ላይ አለ።»

«ፍታው።»

«እሷ እያየችኝ?»

ክረምት ሲገባ ንዳድ ያዘው። ወደ ቤት አምጥተን አስተኛነው። ትኩሳቱ ሲበረታ ጣቱን በማተቡ ሥር አስገብቶ እንደ ጠበቀ አንገትጌ ይስበው ነበር። እናቴ ይህን ትመለከታለች። አንድ ጊዜ ጎንበስ ብላ ቋጠሮውን አላላችለት። «ጠበቀብህ?» አለችው። «ትንሽ» አላት። ከጥቂት ቀን በኋላ ሞተ።

ቀብሩ እንደ ትልቅ ሰው ቀብር ነበር። ፍትሐቱ ሙሉ፣ ሰዉ ብዙ። «ደግነቱ ተመልሶ ሞተ» ይሉናል፤ አንገቴን እሰብራለሁ። ሰፈሩ በሕይወቱ ሳለ ያልሰጠውን ሁሉ በዚያ ቀን ሰጠው።

ለልቅሶ በተቀመጥን ሰሞን ባለሱቁና ሞሪ መጡ። ቤቱ በሰው ሞልቷል፤ የንስሐ አባታችንም አሉ። ሁለቱ በር ላይ ቆሙ። ማንም ተነሥቶ ቦታ አልሰጣቸውም፤ እነሱም መሬት ላይ፣ ከበሩ አጠገብ ተቀመጡ። እኔ የማያቸው እንዳልመስል ዐይኔን ወደ ጣሪያው አደረግሁ።

ሞሪ ተናገሩ። «ከአንቺ ታረቅ ብዬ የላክሁት እኔ ነበርሁ» አሏት እናቴን። «ታርቆ ወደ እናንተ መመለሱን ሰማሁ። ደስ ይበላችሁ።»

እናቴ ቀና አለች። «ባይመለስ ኖሮ ትቀበሉት ነበር?»

ሽማግሌው ወደ እሷ ዞሩ። «ቀን ቆርጠንለት ነበር።»

«ማተቡን ካሰረ በኋላስ ቢመጣ?»

«እንደገና ከደጅ እመልሰው ነበር» አሉ። «እሱም እንደገና ይመጣ ነበር። ልጅሽን አውቀዋለሁ።»

እናቴ ነጠላዋን ከፊቷ ገለጥ አደረገች። «ልጄ አልተመለሰም» አለች። ድምፅዋ ከፍ አላለም፤ ግን ሁሉም ሰማ። «ድንጋዩን የተሸከመው ያልበላልኝን ጉርሻ ይቅር እንድለው ነው። አውቅ ነበር። ዝም ያልኩት ደስ ስላለኝ ነው። እሱም ዝም ያለው ለእኔ ብሎ ነው።»

ሞሪ ሁለት እጃቸውን በፊታቸው ላይ አደረጉ።

የንስሐ አባታችን ተነሡ። «ሐዘን ነው የሚያናግራት» አሉ፤ የሚደግፋቸው ሰው ፍለጋ ዙሪያውን አዩ።

«ሐዘን አይደለም፣ አባቴ» አለች። «እውነት ነው።»

«ፍትሐቱ አንዴ ተፈትቷል፤ አፈሩን አናስቆፍርም» አሉ። «ተዝካር ግን ከእኔ አትጠብቁ።» መስቀላቸውን ሳያሳልሙ ወጡ። ከእሳቸው ኋላ ሰዉ አንድ አንድ እያለ ተነሣ። ጠላ ሻጯ በመጨረሻ ወጣች። እኔ በዚያን ሰዓት የተመኘሁት እናቴ ባልተናገረች ብዬ ነው። ወንድሜን በእውነቱ ስም ስትቀበለው፣ እኔ የማስበው ነገ አራዳ ላይ ሰው ሲያየኝ ምን እንደሚል ነበር። እስካሁንም ከዚህ ሐሳብ ሙሉ በሙሉ አልወጣሁም።

በማግስቱ ጠዋት እናቴ ቤቱን ጠርጋ፣ ምንጣፉን ለለቀስተኛ እንደሚደረገው ዘርግታ ተቀመጠች።

«በሩን ክፈተው» አለችኝ።

«ማን ይመጣል ብለሽ?»

«ልጄ ሞቶብኛል። ክፈተው።»

ከፈትኩት። መንገደኛው አሻግሮ እያየን ያልፋል። ከጎኗ ተቀመጥኩ።